የሲኒማ ትኬት ብር መጨረሻው የት ነው?

ስሙኝማ! የፊልም ዳይሬክተሩን የኃይሌ ገሪማን «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልም ያላየ ቢኖር እንኳ ስሙን የሰማ ብዙ ነው። ዛሬ ታሪኩን ለጊዜው እንተወውና ገንዘቡን እንከተል። አንድ ተመልካች ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ሲቆርጥ፣ ያ ዶላር ማን እጅ ገብቶ ማን እጅ ያርፋል? መልሱን ሳገኘው ለእናንተ እስክነግራችሁ ቸኩዬ ነው የሰነበትኩት።

መጀመሪያ የተለመደውን መንገድ እንይ። ትኬቱ 10 ዶላር ነው እንበል። በአሜሪካ ልማድ ግማሽ ያህሉን ሲኒማ ቤቱ ያስቀረዋል። 5 ዶላር ቀረ። ይቺ 5 ዶላር ግን በቀጥታ ፊልም ሠሪው ኪስ አትገባም። መጀመሪያ የምትደርሰው አከፋፋዩ ዘንድ ነው፤ ማለትም ፊልሙን ከሠሪው ተረክቦ ለሲኒማ ቤቶች የሚያደርሰውና ማስታወቂያ የሚያስነግረው ድርጅት ዘንድ። እሱም ለሥራው 30 በመቶ ወሰደ እንበል። 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ቀረች። አላለቀም! ለማስታወቂያና ለፊልም ቅጂ ያወጣውንም ወጪ ከዚያችው ላይ ያነሳል።

ቅጂ ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሳንኮፋ በወጣበት ዘመን ፊልም ሲኒማ ቤት የሚደርሰው በ35 ሚሊ ሜትር ጥቅል ነበር። ሳንኮፋ ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ይፈጃል፤ ጥቅሉ ተተርትሮ መሬት ላይ ቢዘረጋ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው! ያም ለአንድ ሲኒማ ቤት ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1993 «ጁራሲክ ፓርክ» የተባለው ፊልም በመላው አሜሪካ ሲከፈት በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ ሲኒማ ቤቶች ገብቷል። ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ የተረፈ ካለ፣ እሱ ነው ለፊልሙ ባለቤት የሚደርሰው። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚተርፍ የለም። አያችሁልኝ? ገንዘቡንም ጉልበቱንም ከሁሉ ቀድሞ ያፈሰሰው ሰው፣ ክፍያ ላይ ከሁሉ ኋላ ይሰለፋል።

አሁን ወደ ኃይሌ እንምጣ። ጎንደር ተወልዶ በ1967 ወደ አሜሪካ የተሻገረው ኃይሌ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) በ1982 ማይፌዱህ ፊልምስ የተባለ የፊልም ማከፋፈያ አቋቋመ። የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌሎች አፍሪካውያንንና የጥቁር አሜሪካውያንን ፊልሞችም ያከፋፍል ነበር። ሳንኮፋን ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ሲያዘጋጅ፣ ገንዘቡን ከዚህም ከዚያም፣ ከአፍሪካም ከአውሮፓም ለማሰባሰብ ዓመታት ወስዶበታል። ፊልሙ በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ተወዳደረ። አሜሪካ ላይ ግን ባርነትን በባርነት ውስጥ በኖሩትና ባመፁት ሰዎች ዓይን የሚያሳይን ፊልም ተረክቦ የሚያከፋፍል ጠፋ።

ምን አደረገ መሰላችሁ? ሲኒማ ቤቱን ተከራየው!

ነገሩ ፍንትው ብሎ የታየኝ እዚህ ላይ ነው። ጠጅ የጣለች ሴት አስቡ። ጠጇን ለጠጅ ቤት በዱቤ ብታስረክብ፣ ባለ ቤቱ ሸጦ፣ የድርሻውን አንስቶ፣ የተረፈውን ሲሞላለት ይሰጣታል። ቤቱን ራሷ ለሳምንት ብትከራየው ግን ኪራዩን አስቀድማ ትከፍላለች። ሰው ካልመጣ ኪሳራው የራሷ ነው። ከመጣ ግን የእያንዳንዱ ብርሌ ዋጋ የእሷ ነው።

በቁጥር ልሞክረው፤ ቁጥሩ ለማሳያ የፈጠርኩት ነው። የሳምንቱ ኪራይ 4,000 ዶላር፣ ትኬቱ 10 ዶላር ቢሆን፣ የመጀመሪያዎቹ 400 ተመልካቾች ኪራዩን ይሸፍናሉ። 401ኛው ሰው ሲገባስ? አሥሩም ዶላር የፊልሙ ባለቤት ነው! በተለመደው መንገድ ግን 401ኛውም 4,001ኛውም ተመልካች ሲገባ ያው ግማሹ በር ላይ ይቀራል። እውነት ለመናገር ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ስጽፈው ከመቀመጫዬ ተነስቻለሁ።

እኔን ከገንዘቡም በላይ የገረመኝ ግን ጊዜው ነው። ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች አንድ ፊልም በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ሰው ካልጠራ ያወርዱታል። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሌለው ፊልም ደግሞ የሚታወቀው ሰው ለሰው ሲነጋገር ነው፤ ወሬ ደግሞ እስኪዳረስ ሳምንታት ይፈልጋል። ኪራዩን የሚከፍለው ባለ ፊልሙ ከሆነ፣ «ይውረድ» ወይም «ይቆይ» የሚለውም እሱ ነው። ሳንኮፋ በዋሽንግተን ለሳምንታት አዳራሽ እየሞላ ታየ። ጥቁር አሜሪካውያን ወሬውን በቤተ ክርስቲያን፣ በሬዲዮና በየማኅበሩ አዳረሱት። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ፣ እዚያም ደጋፊዎች ተሰባስበው ሲኒማ ቤት ያመቻቻሉ፣ ትኬት ይሸጣሉ። በአንድ ጊዜ 2,000 ቅጂ ማሳተም ቀረ ማለት ነው፤ ጥቂት ቅጂዎች ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። እንዲህ እየተባለ ትላልቆቹ አከፋፋዮች ያልነኩት ፊልም ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የትኬት ሽያጭ አስገባ። ሚሊዮን! በኪራይ አዳራሽ!

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልተዋችሁ፤ የባለቤትነት መብቱን። ፊልሙን ለአከፋፋይ አሳልፎ የሸጠ ሰው አንዴ ይከፈለዋል። መብቱን በእጁ ያቆየ ግን ያንኑ ፊልም በየዘመኑ በሚመጣው መሣሪያ ደጋግሞ ሊያከራየው ይችላል። ኃይሌና ሺሪኪያና፣ እሱ ለዓመታት ካስተማረበት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ በፊልሙ ስም የተሰየመ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። ቪዲዮ ካሴት መጣ፣ ዲቪዲ መጣ፣ ሁለቱም አለፉ። በ2021 ደግሞ ፊልሙ ታድሶና ጠርቶ፣ በፊልም ዳይሬክተሯ በኤቫ ዱቨርኔይ ማከፋፈያ በአሬይ በኩል ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። በኪራይ አዳራሽ የጀመረውን ፊልም፣ ከ28 ዓመት በኋላ፣ ብዙ አገር ያሉ ሰዎች ሳሎናቸው ቁጭ ብለው አዩት።