ፎቶን ለ“ክላውድ” አደራ መስጠት ስንት ያወጣል?

የደብረ ታቦር ነጋዴ ስልክ ዛሬ መደወያ ብቻ አይደለም፡፡ ከወረታ የሚጫነው የፎገራ ሩዝ፣ ከጉና ግርጌ የሚሰበሰበው ድንች፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የመጋዘን ውል፣ የልጅ ክርስትናና የወንድም ሠርግ ሁሉ በፎቶ ተነሥቶ እዚያው ይከተታል፡፡ ስልኩ ሲሞላ ወይም ሲጠፋ ግን ጥያቄ ይነሣል፡፡ ይህ ሁሉ ንብረት የት ይቀመጥ?

በአሁኑ ጊዜ ገበያው የሚያቀርበው መልስ “ክላውድ” ይባላል፡፡ ፎቶው በኢንተርኔት ተልኮ ሩቅ አገር በሚገኝ ድርጅት ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል፡፡ ባለቤቱም በአንድ የይለፍ ቃል ከስልኩም፣ ከታብሌቱም፣ ከቢሮው ኮምፒዩተርም ይከፍተዋል፡፡ ምቾቱ አያጠያይቅም፡፡ ሂሳቡ ግን መታየት አለበት፡፡

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2015 አገልግሎቱን ሲጀምር መጠናቸው የተቀነሰ ፎቶዎችን ያለ ገደብ በነጻ ያስቀምጥ ነበር፡፡ ከሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን አዲስ የሚገባው ፎቶ ሁሉ ከኢሜይልና ከሌሎች ሰነዶች ጋር ተደምሮ ከነጻው 15 ጊጋ ባይት ላይ ይታሰባል፡፡ የአፕል ነጻ ቦታ 5 ጊጋ ባይት ነው፡፡ አንድ ፎቶ በአማካይ 3 ሜጋ ባይት ቢይዝ፣ 15 ጊጋ ባይት 5,000 ፎቶ ይችላል ማለት ነው፡፡ ከዚያ ያለፈ ይከፍላል፡፡

ለ100 ጊጋ ባይት በአሜሪካ የሚጠየቀው 1.99 ዶላር በወር ነው፡፡ ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ስለነበር ወጪው 113 ብር ያህል ነበር፡፡ ዶላር 100 ብርን ሲያልፍ ያው ቦታ 199 ብርን አለፈ፡፡ ቦታው አልሰፋም፤ ኪራዩ ግን ጨመረ፡፡ ክፍያው ቢቋረጥና ፎቶው ከነጻው ገደብ በላይ እንደሆነ ሁለት ዓመት ቢቆይ ሊሰረዝ እንደሚችል የጉግል ደንብ ይገልጻል፡፡

ሌላው ወጪ መጓጓዣው ነው፡፡ 5,000 ፎቶ ለመላክ 15 ጊጋ ባይት ዳታ ይበላል፡፡ በሞባይል ካርድ ከመላክ ይልቅ ዋይፋይ ያለበትን ቦታና ሰዓት መጠበቅ ያዋጣል፡፡

ከዋጋው በላይ የሚያሳስበው ግን የመንገዱ ነገር ነው፡፡ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል፡፡ ከዚያ በፊት ስልኩ ስለሞላበት “ቦታ አስለቅቅ” የሚለውን ቁልፍ የነካ ነጋዴ ምን እንደሚገጥመው ማሰብ አይከብድም፡፡ ቁልፉ ወደ ክላውድ የተላከውን ፎቶ ከስልኩ ላይ ያነሣል፡፡ ውሉና ደረሰኙ አልጠፉም፡፡ ነገር ግን ገዢው “አሳየኝ” ባለው ቀን ሊከፍታቸው አይችልም፡፡ መጋዘኑ ሙሉ ሆኖ መንገዱ ሲዘጋ እንደማለት ነው፡፡

የስረዛውም ነገር ጥንቃቄ ይሻል፡፡ ወደ ክላውድ የተላከን ፎቶ ከጉግል የፎቶ መተግበሪያ ውስጥ መሰረዝ ከሁሉም መሣሪያ ላይ መሰረዝ ነው፡፡ ከቅርጫቱ ውስጥ መልሶ ማውጣት የሚቻለው እስከ 60 ቀን ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ በየመሣሪያው የሚታየው ፎቶ አንድ ቅጂ እንጂ ብዙ ቅጂ አይደለም፡፡

ታዲያ ክላውድ ይቅር? አይቀርም፡፡ ስልክ ሲሰረቅ ወይም ሱቅ ሲቃጠል የሚተርፈው እሱ ነው፡፡ ወርሃዊ ክፍያውን እንደ ኢንሹራንስ አረቦን መቁጠር ይቻላል፡፡ ከዚያ ጎን ግን በወር አንድ ጊዜ ፎቶዎቹን ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ከሱቁ ውጪ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፡፡ ውልና ደረሰኝ ደግሞ ከስልኩ ላይ ጨርሶ ባይነሡ ይመረጣል፡፡

አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ የቤተ ክርስቲያንና የገዳም መጻሕፍትን ሲያነሣ ቅጂው አንዱ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደርጓል፡፡ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይገኛል በሚል ነው፡፡

ነጋዴም ዕቃውን በአንድ መጋዘን፣ ገንዘቡን በአንድ ሰው እጅ አያኖርም፡፡ ለፎቶውም ሒሳቡ ያው ነው፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ፡፡