ሥራ የሌለው ሁሉ «ሥራ አጥ» አይባልም

ሶማሊላንድ ውስጥ፣ ሀርጌሳ ከተማ አንድ ቤት አለ እንበል። ከ15 ዓመት በላይ የሆናቸው ስድስት ሰዎች ይኖሩበታል። አንድ ማለዳ መጠይቅ የያዘ ሰው በሩን ያንኳኳል። ጥያቄው «ሥራ አላችሁ ወይ?» አይደለም፤ «ባለፉት ሰባት ቀናት ገቢ ለማግኘት አንድ ሰዓት እንኳ ሠርታችኋል?» ነው።

እናትየዋ ከኢትዮጵያ የሚገባውን ጫት እርጥብ ጆንያ አልብሳ መንገድ ዳር ትሸጣለች። ባለፈው ሳምንት የሸጠችው አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። ይበቃል፤ ሥራ ላይ ተብላ ትመዘገባለች። ያለ ክፍያ የሚያግዛት ታናሽ ልጇም ለቤተሰቡ ንግድ ስለሚሠራ እንደዚሁ። ከኢትዮጵያ መጥታ እዚያው ቤት እያደረች የምትሠራው ወጣት ሦስተኛዋ ናት።

ሴት ልጇ ሥራ የላትም፤ ማመልከቻ ይዛ ቢሮ ለቢሮ ትዞራለች። «ሥራ አጥ» የምትባለው እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ታላቅ ወንድሟ ግን ዓመት ሙሉ ፈልጎ ሲያጣ ተወው። ስላልፈለገ ከሥራ ኃይሉ ውጭ ይሆናል፤ ከሽማግሌው አባቱ ጋር አንድ መዝገብ ላይ።

አሁን እናስላ። ሥራ ላይ ሦስት፣ ሥራ አጥ አንድ። የሥራ አጥነት ምጣኔው ከአራቱ አንዷ፣ 25 በመቶ ነው። ተስፋ የቆረጠውን ልጅ ስንጨምር ከአምስት ሁለት፣ 40 በመቶ ይሆናል። እህቱም ነገ ደክሟት ፍለጋውን ብትተውና ሁለቱንም ባንቆጥር ዜሮ! ማንም ሥራ ሳያገኝ ቁጥሩ አማረ። እኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ስለዚህ መቶኛ ስትሰሙ መጀመሪያ «ከስንቱ?» በሉ። ከአዋቂው ሁሉ ስንቱ ሥራ ላይ እንዳለ የሚነግረው ሌላው ምጣኔ፣ እዚህ ቤት ከስድስት ሦስት፣ እንዲህ በቀላሉ አይታለልም።

በ2012 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የሶማሊላንድ ከተሞች የሆኑትን ሀርጌሳን፣ ቡርኦንና ቦረማን ያጠናው በዚህ ዓይነት መጠይቅ ነው። በእኛም አገር፣ በኢትዮጵያ፣ የ2013 ዓ.ም. ጥናት የከተማውን ሥራ አጥነት 18.7 በመቶ፣ የመላ አገሩን 8 በመቶ አድርጎታል። ገጠሩ አማካዩን ዝቅ የሚያደርገው ስለተመቸው አይደለም፤ የቤተሰቡን ማሳ የሚያርሰው በአብዛኛው ሠራተኛ ስለሚባል ነው።

አንዷ ሰዓትም ገቢን አትናገርም። በ2022 እ.ኤ.አ. የሀርጌሳ ዋሄን ገበያ ሲቃጠል ሱቁ የወደመበት ነጋዴ፣ በሳምንቱ ሸራ ዘርግቶ ጥቂት ዕቃ ከሸጠ ያው «ሥራ ላይ» ነው።

ለዚህ ነው የሠራተኛውን ስብጥር ማየት የሚያስፈልገው። ከቤታችን ሦስት ሠራተኞች አንዷ የራሷን ንግድ ታንቀሳቅሳለች፤ አንዱ ያለ ክፍያ ያግዛል። ደሞዝተኛዋ ኢትዮጵያዊቷ ብቻ ናት። እሷም የተቆጠረችው እዚያው ስለምታድር ነው። አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው፣ ጎህ ሳይቀድ ለቀን ሥራ የሚወጡትን የአገሯን ልጆች መጠይቅ የያዘው ሰው ረፋድ ላይ ቢያንኳኳ በሩ ተቆልፎ ያገኘዋል።