ማንጎውን ያበላሸው አየሩ ነው?

የከሚሴን ማንጎ በኪሎ የሚገዛ ሰው ምሬቱ አንድ ነው። ከአንድ ፌስታል የወጣው ግማሹ ይጣፍጣል፣ ግማሹ ጥርስ ውስጥ የሚሰነቀር ክር ነው፤ ዋጋው ግን እኩል። ጭማቂ ቤቶችም በወንፊት እያጠለሉ ያጉረመርማሉ። ነጋዴው መልስ አያጣም፦ «ዘንድሮ አየሩ ነው።»

አየሩን መክሰስ ቀላል ነው፤ ቀርቦ አይከራከርም። ስህተቱ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ማየት ላይ ነው።

በከሚሴ ዙሪያ፣ በደዋ ጨፋም ሆነ በአርጡማ ፉርሲ፣ በየጓሮው የቆመው ነባር ማንጎ ከዘር የበቀለ ነው። ዝንብና ንብ የሌላውን ዛፍ የአበባ ብናኝ ስለሚያመጡ፣ በተለይ በፍሬው ውስጥ አንድ ፅንስ ብቻ የሚይዘው ዓይነት ልጁ እናቱን አይመስልም። የጣፋጩን ማንጎ ዘር የቀበረ ገበሬ ሎተሪ ነው የቆረጠው። በአንድ ጓሮ አንድ ዓይነት ውሃ ከጠጡ ሁለት ዛፎች የአንዱ ፍሬ ክር ሲበዛበት የሌላው ለስላሳ ከሆነ፣ የዝናቡ ጥፋት አይደለም፤ ለሁለቱም እኩል ነው የዘነበው።

አየሩ ድርሻ የለውም ማለት ግን አይደለም። ቶሚ አትኪንስ ከሚባለው ዝርያ ከአንድ ዛፍ ሁለት ፍሬ አውርዱ፤ ፀሐይ ያገኘው ጉንጩ ሲቀላ፣ ቅጠል የጋረደው አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ዘራቸው አንድ ነው፤ የለያቸው ብርሃን ነው። ከፍታም እንዲሁ። በየ100 ሜትሩ ሽቅብ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። አንድ ዓይነት የተዳቀለ ችግኝ በቦርከና ሜዳና 300 ሜትር ከፍ ባለ ዳገት ላይ ቢተከል፣ የላይኛው ሁለት ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝበት ዘግይቶ ያደርሳል። ማንጎ ለማበብ ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ወይም ደረቅ ወቅት ይፈልጋል፤ አበባው ላይ ዝናብ ሲወርድበት ደግሞ አንትራክኖዝ የተባለው ፈንገስ አጥቁሮ ያረግፈዋል። የወቅት መፋለስ የፍሬውን ብዛትና መጠን ይለውጣል። ክሩን በዋናነት የሚወስነው ግን ዘር ነው።

ሒሳቡ እንግዲህ ይህ ነው። ከዘር የመጣው ልዩነት ኪሳራ ነው፤ የተመረጠ ዛፍ ቅርንጫፍ በማዳቀል ይስተካከላል። ከቦታ የመጣው ልዩነት ግን ሀብት ነው፤ ቆላው ቀድሞ፣ ዳገቱ ተከትሎ ሲያደርስ ገበያው በአንዴ አይጥለቀለቅም። እኛ የምንሠራው ግልባጩን ነው፦ የዘሩን ልዩነት በአንድ ጆንያ አጭቀን እንሸጣለን፤ የቦታውን ልዩነት ችላ ብለን ለሜዳውም ለዳገቱም አንድ ዓይነት ችግኝ እናድላለን።

ለእኔ ዋናው ተከሳሽ ጆንያው ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 (እ.ኤ.አ.) በአሮጌ መኪና ገበያ ምሳሌ ያስረዳው፣ በኋላም ኖቤል ያሸለመው ሐሳብ እዚህ በደንብ ይሠራል። የማንጎ ክር ከልጣጩ በላይ አይታይም፤ ገዢው በአማካይ ዋጋ ይከፍላል፤ ጥሩ ፍሬ ያለው ገበሬም የመጥፎውን ዕዳ ይሸከማል። ታዲያ ለምን ብሎ ያዳቅላል?

የመንግሥት አኃዝ እዚህ አይረዳንም። የአረንጓዴ አሻራ የችግኝ ተከላ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጎልቶ የሚነገረን የተተከለው ነው፤ የጸደቀውና ያፈራው እንጃ። በየአጥሩ ተበታትኖ የቆመ ዛፍ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ሰጠ ሲባልም እጠራጠራለሁ። ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ አማካይ ነው፤ የምንጨቃጨቀው ደግሞ አማካዩ ስለሸሸገው ነገር ነው።

ፍሬውን ቀላቅሎ የመሸጡ መዘዝ ግልጽ ነው፦ ፋብሪካ ወጥ ያልሆነ ማንጎ አይፈልግም፤ ላኪም እንዲሁ። ኬንት፣ ኪት፣ አፕል የሚባሉት ዝርያዎች አገር ውስጥ አሉ፤ የቀረው የትኛው በየትኛው ከፍታ እንደሚሻል በቦታው ፈትኖ ማደልና ፍሬውን በዝርያ ስሙ ለይቶ መሸጥ ነው። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ሁለት ክምር ተለይቶ ሁለት ዋጋ ከተጠራ፣ ገበሬው ለማዳቀል ሥልጠና እስኪጠራ አይጠብቅም።