ግንባታው ያልተጠናቀቀ የጭነት መኪና፤ ጥንቃቄው ከስምሪት ትዕዛዙ ይጀምራል

የጭነት መኪና ተሟልቶ ወደ ሥራ ከመሰማራቱ በፊት በበርካታ ባለሙያዎች እጅ ያልፋል። ከውጭ አገር የሚገባው መኪና ብዙውን ጊዜ ሞተር፣ ጋቢናና ቻሲ ብቻ ይዞ ይመጣና የጭነት አካሉ፣ የውኃ ታንከሩ ወይም የቆሻሻ ማንሻው በአገር ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ድርጅቶች ይገጠምለታል። ለከፍተኛ ጥገና የተፈታ መኪናም እንደዚሁ በከፊል ተገጣጥሞ ከሞተር ጥገና ወደ ብየዳ፣ ከብየዳ ወደ ቀለም ቤት መዘዋወሩ የተለመደ ነው። በዚህ የሽግግር ወቅት የመኪናው ፍሬን በሙሉ ኃይሉ የማይሠራበት ጊዜ በርካታ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዘንድ እንዲህ ያለውን መኪና የማንቀሳቀስ ጉዳይ የመካኒኩና የአሽከርካሪው ሥራ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ መኪናው በጎማው ይሂድ ወይስ ተጭኖ የሚለው ውሳኔ የሚሰጠው የመውጫ ፈቃዱ ሲፈረም ነው። ለሎቤድ ኪራይ በጀት አልተያዘም፣ የርክክቡ ቀን ደርሷል፣ ቦታውም ቅርብ ነው በሚሉ ምክንያቶች «ቀስ ብሎ ይሂድ» ተብሎ የሚሰጠው ትዕዛዝ ምን ያህል አደጋ እንዳዘለ ለመረዳት የፍሬኑን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1869 ለባቡር ያበረከተው የመጀመሪያው የአየር ፍሬን አየር ሲላክበት የሚይዝ ነበር። ቱቦው ከተበጠሰ ግን ባቡሩ ያለ ፍሬን ይቀራል። ይኸው ፈልሳፊ በ1872 ባሻሻለው አሠራር ነገሩን ገለበጠውና አየር ሲጠፋ ፍሬኑ በራሱ እንዲይዝ አደረገ። በዛሬው ከባድ መኪና ላይ ሁለቱም ሐሳቦች ጎን ለጎን ይገኛሉ። የእግር ፍሬኑ በአየር ግፊት ይይዛል፤ የእጅ ፍሬኑ ደግሞ በኋላ ጎማዎች አጠገብ በሚገኝ ጣሳ መሰል የአየር ክፍል ውስጥ በታመቀ ጠንካራ ሞላ ይይዛል። አየሩ ሞላውን ጨምቆ ሲይዘው ጎማው ይለቀቃል፤ አየሩ ሲያልቅ ሞላው ተዘርግቶ ጎማውን ያስራል። ሞላውን ሙሉ በሙሉ ለመልቀቅ በአብዛኛው ከ5 ባር ያላነሰ ግፊት ያስፈልጋል።

አየር የሌለው መኪና እንግዲህ በራሱ የታሰረ በመሆኑ አደጋ የለውም። አደጋው የሚመጣው ሰዎች ሊያንቀሳቅሱት ሲሉ ሞላውን በብሎን ጠምዝዘው ሲቆልፉት ነው። ብሎኑ ከተጠመዘዘ በኋላ ጎማው ይዞራል፤ መኪናው ግን የእጅ ፍሬን የለውም። ለመጎተት እንዲያመች ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ከተፈታ ደግሞ ማርሽ አስገብቶ ማቆምም አይቻልም። በዚህ ጊዜ መኪናውን የሚይዘው ጎማ ሥር የተደረገው ታኮ ብቻ ነው።

«ቀስ ብሎ ይሂድ» የሚለው ሐሳብ በሜዳ ላይ በከፊል እውነትነት አለው። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 13 የከባድ መኪና የእግር ፍሬን የመኪናውን ፍጥነት በየሰከንዱ ቢያንስ በ5 ሜትር በሰከንድ እንዲቀንስ፣ ይህ ሲጓደል የሚተካው ፍሬን ደግሞ ቢያንስ በ2.2 ሜትር በሰከንድ እንዲቀንስ ያዛል። የአንዱ መስመር ቱቦ ያልተገጠመለት ወይም ሸራው ገና ከታምቡሩ ጋር ያልተላመደ ቻሲ 1 ብቻ ያገኛል እንበል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሙሉ ፍሬን ያለው መኪና አሽከርካሪው ፍሬን ከያዘበት ቅጽበት አንስቶ በ12 ሜትር ገደማ ሲቆም፣ ይህ ቻሲ 62 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ግን በ4 ሜትር ገደማ ይቆማል።

ቁልቁለት ላይ ስሌቱ ይለወጣል። በ10 በመቶ ቁልቁለት የመሬት ስበት የመኪናውን ፍጥነት በየሰከንዱ ወደ 1 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይጨምራል፤ ይህም ደካማው ፍሬን ከሚቀንሰው ጋር እኩል ነው። በመሆኑም አሽከርካሪው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ቢረግጥም መኪናው አይቆምም፤ በዝግታ ቢነሳም በዝግታ መውረዱን ይቀጥላል። ቁልቁለቱ ትንሽ ከከፋ ወይም ሸራው ከጋለ ደግሞ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ከፍጥነቱ በፊት መጠየቅ ያለበት የመንገዱ አቀማመጥ ነው። አዲስ አበባ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ ተነስታ ወደ አቃቂ የምትወርድ ከተማ በመሆኗ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስል ጉዞ በቁልቁለት የተሞላ ሊሆን ይችላል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የሚዘልቀውን የዓባይ በረሃ መንገድ በዚህ ዓይነት መኪና መውረድ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም።

የባዶ ቻሲ ክብደት አቀማመጥም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሞተሩና ጋቢናው ከፊት ስለሆኑ አብዛኛው ክብደት የሚያርፈው በፊት ጎማዎች ላይ ሲሆን የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ግን የኋላዎቹን ነው። ለምሳሌ 6 ቶን ከሚመዝን ቻሲ 2 ቶኑ ብቻ ከኋላ ቢያርፍ፣ መኪናውን በ10 በመቶ ዳገት ላይ ለማቆም 600 ኪሎ ግራም ያህል መያዣ ኃይል ያስፈልጋል። በእርጥብ ኮረት ላይ እነዚያ ቀላል የኋላ ጎማዎች መሬቱን ጨብጠው ሊሰጡ የሚችሉት ከዚሁ ብዙም የማይበልጥ ነው። የእጅ ፍሬኑ በትክክል እየሠራ ጎማው ታስሮ መኪናው ሲንሸራተት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከቅጥር ግቢ ውጭ ለሚደረግ ጉዞ ተመራጩ መንገድ መኪናውን እንደ ዕቃ ቆጥሮ በሎቤድ መጫን ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ ከሚጎተተው የሚከብድና ፍሬኑ የተሟላ መኪና በጠንካራ የብረት ዘንግ ሊጎትተው ይችላል። በገመድ ወይም በሽቦ መጎተት ግን የተጎታቹ ፍሬን ሙሉ በሙሉ መሥራቱን የሚጠይቅ በመሆኑ ለዚህ ጉዳይ አይሆንም፤ ገመድ ይስባል እንጂ አይገፋም፣ ጎታቹ ሲቆም ተጎታቹ መጥቶ ይገጨዋል። የተጎታቹ ሞተር ካልተነሳ መሪው እጅግ እንደሚከብድና አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰርም እንደማይሠራ ማስታወስ ይገባል። ስለሆነም አየሩ ከጎታቹ መኪና በቱቦ ሊሰጠው ይገባል።

በቅጥር ግቢ ውስጥ መኪናው በራሱ ሞተር ጥቂት ሜትሮች እንዲንቀሳቀስ ከተወሰነ አስቀድሞ ታኮ ተደርጎለት አየሩ ይሞላል፤ ከዚያም ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ ተረግጦ መለኪያው ይታያል። በአሜሪካ በከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ፈተና ተሳቢ የሌለው መኪና ፍሬኑ ተይዞ በ1 ደቂቃ ከ3 ፒ.ኤስ.አይ. (0.2 ባር ገደማ) በላይ አየር ማጣት የለበትም። ግቢ ውስጥም ቢሆን ይህን የማያልፍ መኪና በራሱ ባይነሳ ይመረጣል። ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ያለውን አየር ስለሚጨርስ አሽከርካሪው አንድ ጊዜ ረግጦ መያዝ አለበት።

በአገራችን ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ከጎማው ጎን መሄዱ የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ራሱ ስህተት አይደለም፤ ስህተቱ ድንጋዩ ላይ ነው። ክብ ድንጋይ ይንከባለላል፣ ትንሽ ድንጋይ ይዋጣል፣ ለማስገባት ደግሞ እጅ ወደ ጎማው ይጠጋል። ረዥም እጀታ ወይም ገመድ ያለው የእንጨት ታኮ እጁን ከጎማው ያርቃል። ረዳቱም ምንጊዜም በጎን እንጂ በመኪናው ፊት፣ ከኋላው ወይም በሁለት ተሽከርካሪዎች መካከል ሊቆም አይገባም። ሕይወት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚያ መካከል ነው። የሞላውን ክፍል በመዶሻና በመፍቻ ለመክፈት የሚሞክር ሠራተኛም ካለ ወዲያውኑ ሊከለከል ይገባል፤ የታመቀው ሞላ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል።

ትዕዛዙን የሚፈርመው ኃላፊ ለዚህ ሁሉ መካኒክ መሆን አይጠበቅበትም። በፈቃዱ ላይ የትኛው ፍሬን እንደሚሠራና የትኛው እንደማይሠራ፣ የመኪናው ክብደትና የሚሄድበት መንገድ በጽሑፍ እንዲሰፍርና ያረጋገጠው ባለሙያ ስም እንዲገባ ማድረግ ይችላል። ተላላፊ ሰሌዳ መለጠፉ መኪናው በመንገድ ላይ ሊታይ እንደሚችል እንጂ ሊቆም እንደሚችል አያረጋግጥም።

መኪናው ከደረሰ በኋላ የሚቀር ሥራ አለ። የተቆለፈው ሞላ ሳይፈታ ከቀረ መኪናው ተሟልቶ፣ ቀለም ተቀብቶ ሲረከብ የእጅ ፍሬኑ የማይዝ ይሆናል፤ አዲሱ አሽከርካሪም ይህን የሚያውቀው መኪናውን ዳገት ላይ ሲያቆም ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ብሎኑ በማይፈለግበት ጊዜ የሚቀመጥበት ኪስ ከዚያው የአየር ክፍል ጎን ይገኛል። ርክክብ የሚፈጽመው ኮሚቴ ጎንበስ ብሎ ያን ኪስ ማየት ይበቃዋል፤ ባዶ ከሆነ ብሎኑ ገና ሞላው ላይ ሊሆን ስለሚችል ተረጋግጦ እስኪወጣ ድረስ ሰነዱ መፈረም የለበትም።