ጎሚስታው እና ቶርክ

ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ በጋላፊ የሚገባ ከባድ መኪና ሰመራን፣ ሚሌንና ገዋኔን አልፎ አዋሽ እስኪደርስ ድረስ ጎማው ከጋለ አስፋልት ጋር ሲታገል ይውላል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተቀሰቀሰው ጦርነት የአሰብ በር ከተዘጋ ወዲህ የአገሪቱ የንግድ ሸክም በአብዛኛው ያረፈው በጅቡቲ መስመር ላይ ነው። በዚህ መንገድ ለሾፌርና ለረዳት ከምግብና ከውሃ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሰው ጎሚስታ ነው። የፊዚክስ መምህርም ቶርክን ለማስተማር ከጎሚስታው ደጅ የተሻለ ቤተ ሙከራ አያገኝም።

የከባድ መኪና ጎማ ብዙውን ጊዜ በ10 ዳዶ ይታሰራል። እያንዳንዱ ዳዶ የሚጠብቀው እንደ መኪናው ዓይነት በ600 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ኒውተን የግፊቱ መጠን ነው፤ ሜትር ደግሞ ግፊቱ ከዳዶው መሃል ያለው ርቀት። የሁለቱ ብዜት የማዞር አቅም፣ ማለትም ቶርክ ይሆናል። 60 ኪሎ የሚመዝን ረዳት በጎማ መፍቻው ጫፍ ላይ ቢቆም ወደ 600 ኒውተን ይጫናል። መፍቻው ግማሽ ሜትር ከሆነ ግን 300 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ ዳዶው ንቅንቅ አይልም። ቱቦ ሰክቶ ክንዱን 1.2 ሜትር ሲያደርሰው ያው ሰው፣ በያው ክብደቱ፣ 720 ያወጣል።

ይህ የሚሆነው ግን ክንዱ አግድም ሲሆን ነው። 45 ዲግሪ ካዘነበለ 720ው ወደ 510 ይወርዳል። ቀጥ ብሎ ከቆመማ ክብደቱ በዳዶው መሃል ስለሚያልፍ ምንም አያዞርም። ልምድ ያለው ጎሚስታ መፍቻውን አውልቆ በሌላ ማዕዘን የሚሰካው ለዚህ ነው።

የመኪናው ማርሽም ቱቦው የሚሠራውን ይሠራል። ሰመራ ከባሕር ጠለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ አዋሽ ወደ 1000 ትጠጋለች። የተጫነው ተሳቢ ዳገት ሲይዝ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ፍጥነት ሰጥቶ ቶርክ ይገዛል።

ስለ መሽከርከሩም እናንሳ። ቁመቱ 1 ሜትር ከምናምን የሆነ ጎማ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በሰከንድ 6.5 ጊዜ ያህል ይዞራል። ክብደቱ በአብዛኛው ያለው ጠርዙ ላይ ነው፤ ከመሃል በእጥፍ የራቀ ክብደት ደግሞ ለማስነሳትም ሆነ ለማቆም 4 እጥፍ ያስቸግራል። እንዝርት ክብ ቁራጭ የሚደረግለት በዚሁ ምክንያት ነው፦ አንዴ ከተሾረ ቶሎ አይቆምም። ከመኪና የተነቀለ ጎማም እንዲሁ ብቻውን ሜዳውን አቋርጦ ይሄዳል፤ ሰው ካገኘ ይገድላል።

ስለዚህ ከመፍታቱ ይልቅ ማሰሩ ያሳስበኛል። ዳዶ ሲጠብቅ ብሎኑ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ጎማውን ጠፍሮ የሚይዘውም የተለጠጠው ብሎን ወደ ነበረበት ለመመለስ ሲጎትት የሚፈጥረው ኃይል ነው። ነገር ግን መፍቻው ላይ ከምናውለው ቶርክ 90 በመቶ ያህሉ በጥርሱና በዳዶው ግርጌ ባለው ሰበቃ ያልቃል፤ ለመለጠጡ የሚተርፈው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የአፋር አቧራ ጥርሱ ውስጥ ከገባ ሰበቃው ይጨምራል። እጅ ጠበቀ ይላል፣ ብሎኑ ግን ገና አልተወጠረም። አምራቹ ያላዘዘው ዘይት ከነካው ደግሞ በዚያው ቶርክ ከልኩ በላይ ይለጠጣል፣ ሊበጠስም ይችላል።

ቱቦ ይህን ልክ አያውቅም። የተወሰነለት መጠን ላይ ሲደርስ ጠቅ የሚል የቶርክ ቁልፍ በዚህ መንገድ ላይ በየጎሚስታው ሊኖር ይገባል፤ የብሎኑን ጥርስ የሚያጸዳ የብረት ብሩሽም እንዲሁ። ጎማው እንደ አዲስ ከታሰረ በኋላ በቸርኬው መጋጠሚያ የቀረው ቀለምና ዝገት እየተጨፈለቀ ውጥረቱ ይላላልና፣ ዳዶዎቹ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና መፈተሽ አለባቸው። ሰመራ ላይ ጎማ ያስቀየረ ሾፌር ሚሌ ሲደርስ ይቁም፤ ዳዶዎቹንም በዙሪያው በተርታ ሳይሆን አንዱን ከፊት ለፊቱ ካለው ጋር እያፈራረቀ ያጥብቅ።