እርሾ ባክቴሪያ አይደለም

«እርሾ እኮ ባክቴሪያ ነው» ሲባል ስሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። እርሾ ፈንገስ ነው፤ የእንጉዳይና የሻጋታ ዘመድ፣ ነገር ግን በአንዲት ሴል ብቻ ራሱን ችሎ የሚኖር።

ካርል ዎዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረቡት አከፋፈል ሕይወት ያለው ሁሉ ባክቴሪያ፣ አርኬያና ዩካርዮት ተብሎ በሦስት ይመደባል። እርሾ ከጤፉም፣ ከላሟም፣ ከእኛም ጋር በሦስተኛው ውስጥ ነው። ዲኤንኤው በኒውክለስ ተሸፍኗል፤ ሚቶኮንድሪያም አለው። ባክቴሪያ ሁለቱም የሉትም።

ያላመነ ሰው ከቦካ ሊጥ ላይ የሚቀዳውን ቢጫ ውሃ አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ ይይልኝ። 400 ጊዜ ሲጎላ ሁለቱ ጎን ለጎን ይታያሉ። ባክቴሪያዎቹ ቀጫጭን በትር ይመስላሉ፤ ጎምዛዛውን አሲድ በብዛት የሚሠሩት እነሱ ናቸው። እርሾዎቹ ብዙ እጥፍ የሚበልጡ ሞላላ ሴሎች ሲሆኑ፣ ከአንዳንዱ ጫፍ ትንሽ እምቡጥ ብቅ ብላ ታገኛላችሁ። ይቺ እምቡጥ ልጅ ናት። አድጋ ስትለይ እናቲቱ ላይ ክብ ጠባሳ ትታ ትሄዳለች። የዳቦ እርሾ ሴል ከ20 እስከ 30 ጊዜ ገደማ ወልዳ ታረጃለች፤ ጠባሳዎቹን በሚያበራ ቀለም ነክሮ ስንት ጊዜ እንደወለደች መቁጠር ይቻላል። እኔ ከዚህ የበለጠ የሚያምር ነገር በማይክሮስኮፕ አላየሁም።

እርሾ የሚባሉት ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆችም አይደሉም። ማጅራት ገትር የሚያመጣው ክሪፕቶኮከስ እርሾ ነው፤ በዝምድና ግን ከዳቦ እርሾ ይልቅ ለእንጉዳይ ይቀርባል።

ምደባው የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። በአንድ መድኃኒት ቤት አንድ አባት የልጁ ምላስ ላይ ነጭ ነገር ወጣ ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሲሲሊን ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። እባካችሁ፣ እንዲህ አታድርጉ! ነጩ ነገር ብዙ ጊዜ ካንዲዳ የሚባል እርሾ ነው። አሞክሲሲሊን የሚሠራው ባክቴሪያ የሴል ግድግዳውን እንዳይገነባ በማድረግ ነው፤ የእርሾ ግድግዳ ግን ከሌላ ነገር የተሠራ ስለሆነ መድኃኒቱ አይነካውም። ይባስ ብሎ ካንዲዳን ሲሻሙትና ሲገቱት የኖሩትን ባክቴሪያዎች ጠርጎለት ሜዳውን ይለቅለታል። ሐኪም ለካንዲዳ ኒስታቲን የሚያዘው መድኃኒቱ በፈንገስ ሴል ሽፋን ላይ ያለውን ኤርጎስቴሮል ፈልጎ ስለሚይዝ ነው። የእኛ ሴል በዚያ ቦታ ያለው ኮሌስትሮል ነው፤ ፈንገስን ከእኛ ለይቶ ለመምታት ካሉን ጥቂት ልዩነቶች አንዱም ይኸው ነው።