ያውቁ ኖሯል? የባላቶን ሐይቅና የተከፈሉት ቤተሰቦች

ሀንጋሪ የባሕር በር ባይኖራትም፣ ሕዝቧ «የሀንጋሪ ባሕር» የሚለው ባላቶን 77 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝምና በስፋቱ ከመካከለኛው አውሮፓ ሐይቆች ሁሉ የሚልቅ ነው። አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ3 ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ በአውሮፓ በጋ ቶሎ ይሞቃል፤ ሺኦፎክ የተባለችው የመዝናኛ ከተማ ባለችበት በደቡቡ ዳርቻ፣ መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ውስጥ የዘለቀ ጎልማሳ እንኳ ውኃው ከወገቡ የማያልፍበት ስፍራ በመኖሩ፣ ሕፃናት ያሏቸው ቤተሰቦች ይመርጡታል። ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ በድንገት ስለሚያይል፣ በዙሪያው የተተከሉት የማስጠንቀቂያ መብራቶች በደቂቃ 45 ጊዜ ብልጭ ሲሉ ዋናተኛው ከዳር ከ500 ሜትር በላይ እንዳይርቅ፣ 90 ጊዜ ሲሉ ደግሞ ጨርሶ እንዲወጣ ያዝዛሉ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ታሪኩ ነው፦ የበርሊን ግንብ ከቆመበት ከ1961 እ.ኤ.አ. አንሥቶ እስከ 1989 ድረስ፣ ወደ ምዕራብ መሻገር የተከለከለው የምሥራቅ ጀርመን ዜጋና በወዲያኛው ወገን የቀረው ወንድሙ፣ ሁለቱም ሊገቡባት በሚችሉት በሀንጋሪ፣ በዚህ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለው ዕረፍታቸውን አብረው ያሳልፉ ነበር፤ ይህን የማይስተው ሽታዚ፣ ማለትም የምሥራቅ ጀርመን የደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ የራሱን ሰላዮች በዚያው በመዝናኛው ዳርቻ ያሰማራ ነበር።